ኢኽላስና የምንካፈለው ክኒን

ኢኽላስ መሞቷን የነገረችኝ መዲና ናት። ስልኩ ሲጮህ ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ ማዳም ቤት፣ የልጆቹን ልብስ እየተኮስኩ ነበር። «ሰአዳ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጪ ተብሎ ደህና ወሬ ተወርቶ ያውቃል እንዴ! አልተቀመጥኩም። «ኢኽላስን ትኩሳት ጣላት ብዬሽ አልነበር? ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። ኢንና ሊላሂ ብዬ ካውያውን ነቀልኩ። ጦርነቱን ሙሉ ሸንዲ ከተማ ተሰዳ የተረፈች ሴት፣ ከአባይ ማዶ ባሕሪ፣ አባቷ ቤት ተመልሳ የተሰበረውን መስኮት እንኳ ሳታስገጥም ትንኝ ይግደላት? አላህ ይዘንላት፣ ጀነት ያስገባት።

ሰው ሲሞት ማዘን ነው ደንቡ። እኔ ግን ኢኽላስን ሳስብ ከሐዘኑ ቀድሞ ከች የሚለው እፍረት ነው። ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ እሷ ባለችበት ሁሉ አፍሬያለሁ። አንዳንዴ በእሷ፣ አንዳንዴ በራሴ፣ አንዳንዴም በሁላችን።

ዘለግ ያለች፣ ጠይም፣ ፍንጭት ነበረች። ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ላብራቶሪ ትሠራ ነበር። ጀርም የሚያበቅሉበትን ክብ ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳና አንድ ዓይኗን ጨፍና ምላሷን ጧ ታደርጋለች። ደግ ነገር ስታይም ጧ፣ ክፉም ስታይ ጧ ስለሆነ ከፊቷ ምንም አይነበብም። ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ማፊ ዔብ» ነው፤ ነውር የለም ማለቷ ነው። አባቷ ሱዳናዊ ናቸው። እናቷ ግን የኛው ሰው፣ የደሴ ልጅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እዚሁ ካርቱም ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የሞተች ናት። ይህን ያወቅነው ግን በቀላሉ አይደለም።

ከጦርነቱ በፊት፣ ከወሎ የመጣን ሴቶች ተዋጥተን ባሕሪ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። አርብ የእረፍት ቀናችን ነው፤ ከየማዳሞቻችን ቤት ወጥተን እዚያ እንውላለን፣ ፀጉር እንሠራራለን፣ ሰው እናማለን። የክፍሉ ትልቅ ሰው እማማ ከድጃ ናቸው። እሳቸው ዘንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበረ። ማዳም ቤት ከበሽተኛ የተረፈ ክኒን ሲገኝ ይዘን መጥተን እሱ ውስጥ እንጨምራለን። ስሙን የሚያነብ የለም። ቀይና ቢጫው ለጉሮሮ፣ ነጩ ረጅሙ ለሆድ ነው፤ አለቀ። አንዷ ሲያማት ቆርቆሮው ይከፈታል። ታዲያ ብቻዋን አትውጥም። «ብቻዋን ስትውጥ ሆድ ይብሳታል» ይላሉ እማማ ከድጃ። አብረን የተቀመጥነው ሁሉ ቢስሚላህ ብለን አንዳንድ እንውጣለን። ለአብሮነትም ነው፣ በሽታው ወደኛ እንዳይዞርም ነው። ያመማትን ሴት ብቻዋን ማስዋጥ ለቅሶ ላይ ብቻዋን እንደ ማስለቀስ ነበር የሚቆጠረው።

መዲና አዲስ መጪ ነበረች፤ ከባቲ። ዓይን አፋር ብል አይገልጻትም፣ ውኃ ስትጠጣ እንኳ ፊቷን አዙራ ነው። ከመጣች ጀምሮ ከሁላችን ጋር ስትውጥ ከርማለች። አንድ አርብ ወገቤን ወገቤን እያለች ተኛች። ትኩሳቷ እጅ ያቃጥላል። ቆርቆሮው ተከፈተ፣ ዋጠች፣ ዋጥን። ባሰባት። ሌላ ቀለም ተሞከረ፣ ዋጠች፣ ዋጥን። በማግስቱ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሽንቷ እንደ እሳት እንደሚያቃጥላት ነገረችኝ። ጎኗን ደግሞ ሰቅዞ ይዟታል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላት፤ ሆስፒታል ወረቀት ይጠይቃል ብለን ፈራን፤ ላብራቶሪ ግን አይጠይቅም። በሪክሻ፣ በባጃጁ፣ ካርቱም ሁለት ሄድን።

መስኮቱ ጋ ደረስን። ከኋላችን ወንዶች ተሰልፈዋል፣ አግዳሚው ላይም ወንዶች ናቸው። ኢኽላስ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቀና ሳትል፣ በዓረብኛ «ምኗን ነው የሚያማት?» አለችኝ።

እንዴት ተደርጎ! በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት የሴት ልጅ ሽንት በኔ አፍ ይጠራ? «ሆዷን ነው» አልኩ።

«ወባ፣ ሰገራ» ብላ ጻፈች።

መዲና ዓረብኛ ባትችልም ሆድ የሚለውን ቃል ለይታ ታውቃለች። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ሰአዳ፣ ሆዴን አይደለም እኮ። ሽንቴን ነው በያት።»

«ዝም በይ፣ ወንድ አለ» አልኳት ከንፈሬን ነክሼ።

«እየሞትኩ ነው እኮ እህቴ። በአላህ በያት።»

«በኋላ ለሐኪሙ ለብቻው እንነግረዋለን አልኩሽ!»

የኢኽላስ እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብላ መዲናን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ዞር ብላ ከኋላዋ የሚሠሩትን ባልደረቦቿንና አለቃዋን አየች። ወረቀቱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። እሰይ፣ አለፈ ብዬ ተነፈስኩ። ወዲያው የጎኑ በር ተከፈተና ወጥታ መዲና ፊት ቁጢጥ አለች። በአማርኛ፣ ያውም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አንቺ፣ ሹሹ ስትዪ ያቃጥላል?» አለቻት።

ያረቢ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረ! የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት፣ መነጽር ያደረገች፣ ሹሹ! አማርኛውን ከእናቷ ጉያ እንደሰማችው ነው የምታውቀው፤ ከዚያ በላይ አላደገም። ለልጅ የሚባለውን እንጂ ለአዋቂ የሚባለውን፣ ተሸፋፍኖ የሚነገረውን አታውቅም። መዲና ግን የእናቷን ድምፅ የሰማች ይመስል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አዎ፣ ያቃጥለኛል» አለች።

አለቃዋ ከውስጥ ብቅ ብሎ «ኢኽላስ፣ አንቺ ሐበሽኛ ከየት አመጣሽው?» አላት በዓረብኛ፣ እየሳቀ።

«ከእናቴ» አለችው። «እናቴ ሐበሻ ናት። ሰው ቤት ነበር የምትሠራው።»

ሳቁ ቆመ። አንዷ ባልደረባዋ ከላይ እስከ ታች ገርምማኝ ዓይኗን ወደ ኢኽላስ መለሰች፤ እኔንና እሷን እያስተያየች መሆኑ ነው። «ማፊ ዔብ» አለች ኢኽላስ። ለማን እንዳለችው እንጃ። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ ነበር።

በኋላ ስንቀራረብ ነገረችኝ። ከነዚያ ሰዎች ጋር ለዓመታት አንድ ትሪ ላይ ስትበላ እናቷን አንስታ አታውቅም። አባቷ ቤትም እናቷ ከሞተች ወዲህ ስሟን የሚያነሳ አልነበረም። የኛ ሴቶች ወደ ላብራቶሪው ሲመጡ የሚሉትን ሁሉ ትሰማለች፣ ግን ወረቀቷ ላይ ታቀረቅራለች። «ስንቷ ‹ሆዴን ነው› ብላ ሄደች፣ እኔ እየሰማሁ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ዓይኔን አላየችም። እኔስ ምን ዓይን ነበረኝና?

የሽንቷ ውጤት እስኪደርስ መዲና፣ ኢኽላስ በምታውቀው ሐኪም በኩል፣ ያለ ወረቀት ሆስፒታል ተኛች። የተጀመረላት መርፌ ትኩሳቱን ንቅንቅ አላደረገውም። እየቃዠች እናቷን ትጠራለች። እግሯ ሥር ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባቲ ደውዬ ለእናቷ ምን ልበላት? ልጅሽ ሽንቷን ያመማት ጊዜ ተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፣ ሆዷን ነው ብዬ ነበር ልበላት?

ኢኽላስ ውጤቱን በስልክ መናገር ስትችል ራሷ መጣች። የሳህኑን ፎቶ አሳየችኝ። ሳህኑ ላይ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል፣ እያንዳንዱ በየመድኃኒቱ የተነከረ። መድኃኒቱ ከሠራ ጀርሙ ይሸሽና ዙሪያው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። የመዲና ጀርም ግን ወረቀቶቹን ታክኮ፣ እንደ ሣር ግጥም ብሎ በቅሏል። አንዷ ወረቀት ብቻ ዙሪያዋ ንጹሕ ነው። «ይቺ ብቻ ቀረች» አለችና ወደ ሐኪሙ ሮጠች። መርፌው ተቀየረ። መዲና ቀስ በቀስ ትኩሳቷ በረደ። ሽሮ አማረኝ ያለች ጠዋት እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኢኽላስ ውለታዋ አለብን የምንላት አንዲት ደግ ሴት ሆና በቀረች። እሷ ግን «ይቺ ልጅ ገና መጣች፣ መድኃኒት የማይገድለው ጀርም ከየት አገኛት?» እያለች አላስቀምጥ አለችኝ። ስለ ቆርቆሮው ነገርኳት። ጧ አደረገች። አርብ ባሕሪ መጣች።

እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልናት። እማማ ከድጃ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ግንባሯን ሳሙ። እሷ ደግሞ አንቱታ አታውቅም፤ እናቷ አንቺ እንጂ ሌላ ብላት አታውቅማ! «አንቺ እማማ፣ ቆርቆሮሽን አምጪ» አለቻቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተጠቃቀሱ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቆርቆሮውን ከፍታ ክኒኖቹን መዳፏ ላይ አፈሰሰቻቸው።

«ከሻ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» አለች። ከሻ የፖሊስ አፈሳ ነው፤ ወረቀት የሌላትን ሴት ሁሉ ለቅሞ የሚጭን።

«በስልክ እንላላካለን» አልን። «በዚህ በኩል ነው፣ በዚያ ዙሪ እያልን።»

«ለዘመድሽ ብቻ?»

«ኧረ ለማንም! ለኤርትራዊቷም፣ ለማናውቃትም።»

«ስትልኪ ካንቺ ስልክ ይጠፋል?»

«እንዴት ይጠፋል? ቅጂው እኮ ነው የሚሄደው።»

«እነሱም እንደዚያ» አለች። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ሲያጥራት ዓረብኛ እየጨመረች አስረዳችን። ጀርም ውስጥ ከዋናው አካሉ ተለይታ የምትኖር ትንሽ ቀለበት አለች፤ ፕላስሚድ ይሏታል። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያመልጡት፣ እንዴት እንደሚሰባብሩት እሷ ላይ ተጽፏል። አንዱ ጀርም ለጎረቤቱ ቀጭን ቧንቧ ይዘረጋና ቅጂውን ይሰጠዋል። ዘመዱ መሆን የለበትም፤ ሌላ ዓይነት ጀርምም ይቀበላል። ደግሞ ከቀለበት ወደ ቀለበት ዘለው የሚለጠፉ ቁራጮች አሉ። «መልእክት ላይ መልእክት ትለጥፉ የለ? የከሻውን፣ የክፉዋን ማዳም፣ የደላላውን፣ ሁሉን አንድ ላይ። ከዚያ ቀዩን ስትውጪ ነጩንም የሚችለው ይተርፋል።»

«ታዲያ እኛ ምን አጠፋን?» አሉ እማማ ከድጃ። «ተካፍለን በዋጥን? ያልታመመውን ምን ያደርገዋል?»

«ሆድሽ ውስጥ ደግ ጀርም አለ፣ ብዙ። አይጎዳሽም። ክኒን ትውጫለሽ፣ መልእክት የሌለው ይሞታል። ያለው ይቀራል። ቦታ ሰፋለት፣ ይወልዳል። በኋላ ክፉው ይመጣል። ደጉ ለክፉው ይሰጠዋል።»

«ደጉ ለክፉው? ለምን?»

«አያውቅማ። ይሰጣል፣ በቃ። እንደ እናንተ።»

እማማ ከድጃ የሻርፓቸውን ጫፍ ይዘው መጠቅለል ጀመሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ በማበራችን ክፉ ሠራችሁ ያለን ሰው አልነበረም። መዲና ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ገና ከስታ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ። ማንም ወደሷ ማየት አልቻለም።

ኢኽላስ በዚህ መች በቃት! ከቦርሳዋ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች አወጣች። ሆዳችን ውስጥ ይኸው ነገር መኖሩን ለማየት ሰገራችንን ፈለገች። ሰገራ ብትል ምናለበት? «ሁላችሁም ካካ አምጡልኝ» አለች። የሳቀች አለች፣ ያለቀሰችም አለች፣ ሁለቷ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። እኔ «ኢኽላስ፣ በሞቴ፣ ሴቶቹን አታዋርጂ» አልኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሰው ስንደረድር ጎበዞች ነን፤ ለራሳችን ሲሆን ግን!

ያኔ ነው ኢኽላስ መነጽሯን ያወለቀችው። «እኔም አለብኝ» አለች።

ማናችንም አልገባንም።

«የራሴን አየሁ። ሳህኑ እንደ መዲና ነው። ጓንት አደርጋለሁ፣ እጄን ቀኑን ሙሉ እታጠባለሁ፣ እና እኔ ውስጥ አለ።» መነጽሯን ጠረገች። «እናቴ ስስል ከማዳሟ ካቢኔት ክኒን ታመጣልኛለች። ብቻሽን አትዋጪ ትለኛለች፣ አብራኝ ትውጣለች። ውሸት መሰለኝ፣ ደግሜ አየሁት። አፈርኩ። ከእናቴ በላይ በራሴ አፈርኩ።»

ያቺ ትልቅ ሴት፣ የተማረች፣ አንቺ ያለቻቸው እማማ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰች። እማማ ከድጃ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው ዕቃውን» አሉ። «ልጅ ፊት የሚታፈር የለም። ሽንት ቤቱን ግን ማንም እንዳይጠጋብኝ!»

የኔን በማግስቱ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ በሀፍላ፣ በሚኒባሱ፣ ወሰድኩ። ረዳቱ ፌስታሉን አይቶ «ለኛም አቅምሺን እንጂ» ብሎ ቀለደ። ወላሂ እስክወርድ ድረስ ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። ኢኽላስ ግን ተቀብላ ስሜን ጻፈችበት፣ የማር ዕቃ የተቀበለች ያህል አመስግና።

አብዛኞቻችን ዘንድ ተገኘ። እኔም ዘንድ። ያን ሰሞን ማዳም ቤት ትንሹን ልጅ ማጉረስ አስጠላኝ። እጄን እስኪላጥ እፈትጋለሁ፣ ልጁ እቅፍ አድርጊኝ ሲል እሸሻለሁ። ለኢኽላስ ነገርኳት። ከሽንት ቤት ስወጣና ምግብ ስነካ በደንብ መታጠብ እንጂ ልጁን መሸሽ ምንም እንደማይጠቅም ነገረችኝ። «ማዳምሽም ትመርመር፣ ታገኛለሽ። ክኒኑ የማን ካቢኔት ውስጥ ነበር?» አለች። ይለቀኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሐኪም ያላዘዘውን ካልዋጥኩ በጊዜ ብዛት ሊቀንስ ይችላል፣ ዋስ ግን አልሆንም አለች። ውሸት አታውቅም፣ ለማጽናናት እንኳ።

ቆርቆሮውን አባይ ውስጥ እንድፋው ስንል ጮኸችብን። ውኃ ውስጥ ያለውም ጀርም ይማርበታል ማለቷ ነው። ክኒኑን ሰብስባ ከላብራቶሪው ቆሻሻ ጋር እንዲቃጠል ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ የኛ ሴቶች ወደዚያ ላብራቶሪ ሲሄዱ በአማርኛ የምትጠይቃቸው እሷ ሆነች፤ ሹሹና ካካ እያለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል። ባልደረቦቿ አንድ ትሪ ላይ መብላቱን እንደተዉት ከሌላ ሰው ሰማሁ። እሷ ነግራኝ አታውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እማማ ከድጃ በመተማ አገራቸው ገቡ፣ ኢኽላስ ሸንዲ ሄደች፣ እኔና መዲና መሄጃ አጥተን ከየማዳሞቻችን ጋር ስንንከራተት ከርመን ተመለስን። አሁን ደግሞ ይኸው።

ለቅሶው ባሕሪ አባቷ ቤት ነበር። ከመዲና ጋር ሄድን። ሴቶቹ ሰፊ መጎናጸፊያቸውን፣ ቶባቸውን፣ ለብሰው ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለሟች የሚባለውን ፋቲሐ ለመቅራት እጃችንን ሳናነሳ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ የአባቷ እህት፣ ከራስ እስከ እግራችን አየችንና «ከነማን ቤት ነው የላኳችሁ? አላህ ይስጣቸው። ኩሽናው በዚያ በኩል ነው» አለችን።

እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ኩሽና ገብቼ የሻዩን ትሪ አነሳሁ። መዲናም የውኃውን አነሳች። እየዞርን ማደል ጀመርን። ሴቶቹ ስለ ኢኽላስ ያወራሉ፤ ትምህርቷን፣ ትዕግሥቷን፣ የአባቷን ዘር። ስለ እናቷ የሚያነሳ የለም።

መዲና መሃል ላይ ቆመች። ትሪዋን መሬት አስቀመጠች።

«እኔን ማንም አልላከኝም» አለች በዓረብኛ። አሁን ዓረብኛዋ ከኔ ይበልጣል። «ኢኽላስ እህቴ ናት። ሽንቴ ያቃጥለኝ ነበር፣ መናገር አፍሬ ልሞት ነበር። ሰው ሁሉ ፊት ጠየቀችኝና ዳንኩ። እናቷ የኛ አገር ሰው ናት፣ እንደኛ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ለእሷም ለእናቷም ዱዓ ላደርግ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ መዲናን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቶቧን ሰብስባ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። መዲና ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች፣ እጇንም ለዱዓ ዘረጋች።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ ልጄ? አንቺም ታውቂያት ነበር?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ» አልኩና ለሚቀጥለዋ ሴት አቀበልኩ።